ፉክክሩን ተዉልን

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ስብከት በየጋዜጣው ዓምድ፣ በየስብሰባው የመዝጊያ ንግግር ሲደጋገም እሰማለሁ። ስብከቱ እንዲህ ይላል፦ የጎረቤታሞች ፉክክር የጠብ እርሾ ነው፤ ስለዚህ ሰላም የሚሻ ሕዝብ አስቀድሞ ፉክክርን ይተው። «የእኔ ሰፈር»፣ «የእኔ አውራጃ»፣ «የእኔ ቡድን» ማለት ኋላ ቀርነት ነው፤ ሁላችንም አንድ ማሊያ ለብሰን አንድ መዝሙር እንዘምር። ስብከቱ ለጆሮ ይጣፍጣል። ሰባኪዎቹም አብዛኞቹ ቅን ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የሚሉት ስሕተት ነው። ስሕተቱም ተራ ስሕተት አይደለም፤ የታመመውን እጅ ትቶ ጤነኛውን የሚቆርጥ ሐኪም ስሕተት ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አንብቤ አይደለም። እንጀራ ፍለጋ ባደረሰኝ በአየርላንድ ምድር ሁለት ጎረቤታሞች አውራጃዎች በዱላና በኳስ ሲፋለሙ ለብዙ ዓመታት ተመልክቻለሁና ነው። አንዷ ኪልኬኒ ናት፤ ጥቁርና ወርቃማ ትለብሳለች። ሌላይቱ ቲፐራሪ ናት፤ ሰማያዊና ወርቃማ ትለብሳለች። እነዚህ ሁለቱ የሚሸናነፉበትን ጨዋታ ያየ ሰው ፉክክርና ጥላቻ አንድ እናት እንዳልወለደቻቸው ይረዳል። ላላየው አንባቢ ደግሞ ያየሁትን ልመስክር። (ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።)

ጨዋታው ኸርሊንግ ይባላል። በየወገኑ ዐሥራ አምስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ በልማድ አሽ ከሚባለው ዛፍ የሚጠረብ፣ ጫፉ ጠፍጠፍ ብሎ የሰፋ ዱላ ይይዛል። ኳሷ ትንሽ ናት፤ ውስጧ ቡሽ፣ ላይዋ ቆዳ ነው። መሬት ለመሬት ትመታለች፣ በአየር ላይ እንዳለች ትለጋለች፣ በእጅ ትቀለባለች፣ በዱላው ጫፍ ላይ ተቀምጣም ይሮጥባታል። ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ የገባች ኳስ ሦስት ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ያለፈች አንድ ነጥብ ታስገኛለች። የታላላቆቹ አውራጃዎች የሻምፒዮና ግጥሚያ 70 ደቂቃ ይፈጃል። የራስ መከላከያ ቆብ ግዴታ የሆነው በ2010 ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙዎች በዚያ ሁሉ የዱላ ውርጅብኝ መካከል ባዶ ራሳቸውን ይገቡ ነበር። በ2018 ዩኔስኮ ጨዋታውን በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

የገናን ጨዋታ ያየ ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያው ቀን የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ይመስለዋል። እሩሯን፣ ጫፉ የቆለመመውን ዱላ፣ አቧራውን፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ግብግቡን ያስታውሳል። ዝምድናው የደም ይሁን የአጋጣሚ ለታሪክ ሊቃውንት እተዋለሁ። ወደዚህ ንጽጽር ግን ኋላ እመለሳለሁ፤ ለክርክሬ ያስፈልገኛልና።

አሁን ወደ ሁለቱ አውራጃዎች። ኪልኬኒና ቲፐራሪ ወሰን ይጋራሉ፤ ወሰኑ ግን አጥር የለውም። ሰው ከአንዱ አግብቶ በሌላው ይወልዳል፤ የአንዱ ገበሬ በሌላው ገበያ ይሸጣል። ሆኖም ኪልኬኒ የሌንስተር ክፍለ ሀገር፣ ቲፐራሪ የመንስተር ክፍለ ሀገር ስለሆኑ፣ በሻምፒዮናው የሚገናኙት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መንገድ ጨርሰው በአገር አቀፉ መድረክ ላይ ሲደርሱ ነው። በየቀኑ የሚተያዩ ጎረቤታሞች በሻምፒዮና ለመገናኘት መታገል አለባቸው። ስለዚህ ሲገናኙ ጉዳዩ ቀላል አይሆንም።

የቂሙን ርዝመት ለመረዳት አንድ ቁጥር ይበቃል። ኪልኬኒ በ1922ቱ የፍጻሜ ግጥሚያ ቲፐራሪን አሸነፈች። ከዚያ በኋላ በሻምፒዮና ቲፐራሪን ድል ያደረገችው በ1967 ነው። አርባ አምስት ዓመት! በ1922 ድል የጮኸ ጎረምሳ በ1967 የልጅ ልጁን እጅ ይዞ ሊሆን ይችላል እንደገና የጮኸው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የኪልኬኒ ሰው ጎረቤቱን በገበያ፣ በሠርግ፣ በቀብር ሲያገኝ ያ ሽንፈት በመካከላቸው ነበር። ሆኖም ገበያው አልተዘጋም፤ ሠርጉም አልቀረም።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ደግሞ ፉክክሩ እንደ ልብ ወለድ ይነበባል። ከ2009 እስከ 2019 ባሉት ዐሥራ አንድ የውድድር ዘመናት ሁለቱ በፍጻሜ ስድስት ጊዜ ተገናኝተዋል። በ2009 ኪልኬኒ በአምስት ነጥብ ልዩነት አሸንፋ አራተኛ ተከታታይ ዋንጫዋን አነሣች። በ2010 አምስተኛውን ልታነሣ ስትመጣ ቲፐራሪ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ ላር ኮርበት ሦስት ጎል አገባ፣ የኪልኬኒ ታላቅ ሕልም እዚያው ተቀበረ። በ2011 ኪልኬኒ ብድሯን መለሰች። በ2014 የመጀመሪያው ግጥሚያ 31 ለ31 አለቀ፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት የቲፐራሪው ጆን ኦድዋየር ከሩቅ የመታት ኳስ ቋሚውን በጥቂቱ ስታ ማለፏን ያረጋገጠው የካሜራ ዳኛ ነበር። በድጋሚው ኪልኬኒ በሦስት ነጥብ አሸነፈች። በ2016 ቲፐራሪ፤ በ2019 ደግሞ እንደገና ቲፐራሪ፣ ያውም በዐሥራ አራት ነጥብ ልዩነት። ደምሩት፦ ስድስት ፍጻሜ፣ ሦስት ለኪልኬኒ፣ ሦስት ለቲፐራሪ። አንዳቸው ያለ ሌላቸው እዚያ ከፍታ ላይ ይደርሱ ነበር የሚል ካለ ጨዋታውን አላየም። ከብራያን ኮዲ፣ ኪልኬኒን ከ1999 እስከ 2022 መርቶ ዐሥራ አንድ የአየርላንድ ዋንጫ ካስገኘው የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ ከዚያ ሰው ፊት ባይቆም ኖሮ የቲፐራሪ ቡድን ምን ያህል መጠንከር እንደሚችል በራሱም አያውቅም ነበር። ጎረቤት መስተዋት ነው፤ ፊትህን የሚያሳይህ እርሱ ነው።

«እሺ፣ ጨዋታው ያምራል፤ ግን ጥላቻ አይወልድም ወይ?» ይለኛል ሰባኪው። ይህ የክርክሩ እምብርት ነው፤ በዝርዝር ልመልስ።

አንደኛ። ፍጻሜው የሚደረግበት የደብሊኑ ክሮክ ፓርክ 82,300 ሰው ይይዛል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ደጋፊን ከደጋፊ የሚለይ አጥር የለም። የኪልኬኒው ከቲፐራሪዋ ጎን ይቀመጣል። እኔ ራሴ በጥቁርና ወርቃማ ኮፍያና በሰማያዊና ወርቃማ ባንዲራ መካከል ተጨምቄ ተቀምጫለሁ፤ ከግራዬ ሲረግሙ ከቀኜ ይስቃሉ፣ ትንሽ ቆይቶ ግራና ቀኝ ይገለባበጣል። በዕረፍት ሰዓት ሳንድዊች በእኔ ጭን ላይ አልፎ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ልጅ ያዘለች እናት ወንበሯን ለመፈለግ በተቃራኒ ደጋፊዎች መካከል ስትሽሎኮሎክ ማንም ቀና ብሎ አያያትም፤ መንገድ ይለቁላታል እንጂ። ይህ የመላእክት አገር ስለሆነ አይደለም። ሜዳው ውስጥ ዱላ ከዱላ ይጋጫል፣ ጣት ይሰበራል፤ በመቀመጫው የሚሰማው ስድብም ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን አይደለም። ግን ስድቡ ከሜዳው በር አይወጣም።

ሁለተኛ። በዚያ ሜዳ ዋንጫው የሚሰጥበት ዋናው ትሪቡን የማን ስም እንደ ተሰጠው ታውቃላችሁን? የማይክል ሆጋን ነው። ሆጋን የቲፐራሪ ሰው ነበር። ኅዳር 21 ቀን 1920 ቲፐራሪ ከደብሊን የእግር ኳስ ግጥሚያ ስታደርግ የእንግሊዝ መንግሥት ኃይሎች ወደ ሜዳው ገብተው ተኮሱ፤ ዐሥራ አራት ሰዎች ሞቱ፣ አንዱ ተጫዋቹ ሆጋን ነበር። እንግዲህ የኪልኬኒ አምበል ቲፐራሪን አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሣ የሚቆመው በተገደለ የቲፐራሪ ልጅ ስም በተጠራ ሰገነት ላይ ነው። ይህንን የሚያነውር የኪልኬኒ ሰው አልገጠመኝም። ባላንጣ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ድልህን እንኳ በእርሱ ሰማዕት ጥላ ሥር ታከብራለህ።

ሦስተኛ። ያ የ1922 ፍጻሜ የተካሄደው በ1923 ነበር። ለምን ዘገየ? አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ስለ ነበረ ነው። ወንድም ወንድሙን ሲገድል የከረመበት ጦርነት በዚያው በ1923 ጸደይ አብቅቶ፣ ወራት ሳይቆጠሩ ኪልኬኒና ቲፐራሪ በአንድ ሜዳ ተገናኙ። ዱላ ይዘው! የእኛ ሰባኪ በዚያ ቢኖር ኖሮ «ገና ደሙ ሳይደርቅ ዱላ አታስጨብጧቸው» ብሎ ይጮህ ነበር። እነርሱ ግን ዱላውን አስጨበጡ፣ ዳኛ አቆሙ፣ ነጥብ ቆጠሩ። ጠብመንጃ ለያይቶት የነበረ ሕዝብ ሌላ ዓይነት ተቃርኖ ተሰጠው፤ የሚያልቅ ተቃርኖ፣ ፊሽካ ያለው ተቃርኖ።

አራተኛው ማስረጃ የቅርብ ነው። በ2025 የግማሽ ፍጻሜ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የውጤት ሰሌዳው ለቲፐራሪ የማይገባ አንድ ነጥብ ጨምሮ አሳየ፤ እውነተኛው ልዩነት ሁለት ነጥብ ሳለ ኪልኬኒ ሦስት እንደ ቀራት አምና ጎል ፍለጋ ገባች። ጎሉ አልተገኘም፤ ቲፐራሪ አለፈች፣ በፍጻሜውም ኮርክን አሸንፋ ሃያ ዘጠነኛ ዋንጫዋን ወሰደች። የሰሌዳ ስሕተት! በሌላ አገር በዚህ ምክንያት ስታዲየም ይቃጠላል። የኪልኬኒ ሰዎች ተቆጡ፣ ቅሬታቸውንም በግልጽ ተናገሩ፤ ነገር ግን ድጋሚ ግጥሚያ ይደረግልን ብለው ፍርድ ቤት አልሄዱም፣ ድንጋይም አላነሡም። ቁጣቸውን ለሚቀጥለው ዓመት አስቀመጡት። ለሚቀጥለው ዓመት የሚቀመጥ ቁጣ ደግሞ ከቁጣ ሁሉ ጤነኛው ነው።

ታዲያ ምሥጢሩ ምንድን ነው? «ባህላቸው ነው» ማለት የሰነፍ መልስ ነው። የተሠራ ነገር ነው፤ አሠራሩም ሊነገር ይችላል።

የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር የተመሠረተው ኅዳር 1 ቀን 1884 ነው፤ ቦታውም ራሷ ቲፐራሪ፣ ተርለስ በምትባል ከተማ ያለ ሆቴል ነበር። መምህሩ ማይክል ኪውሳክና ባልንጀሮቹ የሞት አፋፍ ላይ የደረሰ ጨዋታ ይዘው ተነሡ። ታላቁ ረኃብ ገጠሩን አራቁቶት፣ ስደት ጎልማሳውን ወስዶት፣ ኸርሊንግ በብዙ ስፍራ ከትውስታ በቀር አልቀረም ነበር። ምን አደረጉ? ሙዚየም አልሠሩም። በዓመት አንድ ቀን ለእንግዳ የሚታይ ትርኢትም አላደረጉትም። ክለቡን በአጥቢያ፣ ቡድኑን በአውራጃ አደራጅተው ጎረቤትን በጎረቤት ላይ አስነሡ! «ያንተ አጥቢያ ከኔ አጥቢያ ይበልጣል? ና እንይ» አሉ። ጨዋታውን ከሞት ያስነሣው ይህ ፉክክር ነው። ሰባኪዎቻችን እርሾ ነው ያሉት እውነት ነው፤ ግን እርሾ የሚያቦካው ዳቦ ነው።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሦስት ነገሮች ተሰውረዋል። የመጀመሪያው፣ ተጫዋች አይሸጥም አይገዛም። ሰው የሚጫወተው ለኖረበት አጥቢያ፣ አጥቢያው ላለበት አውራጃ ነው። ኪልኬኒ የቲፐራሪን ጎበዝ በገንዘብ መውሰድ አትችልም፤ ስለዚህ ባላት ልጅ መሥራት አለባት። ሁለተኛው፣ ተጫዋቹ ደመወዝ የለውም። እሑድ 82,000 ሰው ያጨበጨበለት ጎበዝ ሰኞ ክፍል ገብቶ ያስተምራል፣ ላም ያልባል፣ ባንክ ቤት ይቀመጣል። ሦስተኛውና ትልቁ፣ ከጨዋታው ውጤት ጋር የተጫነ ሌላ ዕዳ የለም። ኪልኬኒ ስላሸነፈች የቲፐራሪ መንገድ አይቆረስም፤ ቲፐራሪ ስላሸነፈች የኪልኬኒ ልጅ ሥራ አይነፈገውም። ተሸናፊው የሚያጣው ድሉን ብቻ ነው። ሽንፈት ድልን ብቻ ሲያሳጣ ሰው ይችለዋል፤ እንጀራንና መሬትን ሲያሳጣ ግን አይችለውም፣ ሊችለውም አይገባም።

«አጥቢያ፣ አውራጃ ማለት ዞሮ ዞሮ የደም ቆጠራ ነው» የሚለኝ ካለ ሦስት ስሞች ልጥራለት። ሾን ኦግ ኦ ኸልፒን እናቱ የፊጂ ሴት ናት፤ በልጅነቱ ከአውስትራሊያ ወደ ኮርክ መጣ፣ በ2005 የኮርክ አምበል ሆኖ ዋንጫውን አነሣ፣ የምስጋና ንግግሩንም በአየርላንድኛ ቋንቋ አደረገ። ዛክ ሞራዲ ኩርድ ነው፤ ኢራቅ ውስጥ በስደተኞች ሰፈር ተወልዶ በ2002 ወደ ሊትሪም መጣ፣ ከሊትሪም ጋር በ2019 በክሮክ ፓርክ የሎሪ ማሀርን ዋንጫ ወሰደ። ሎሪ ማሀር ማን ነበር? የኪልኬኒ ጀግና፣ በቲፐራሪ ወሰን አጠገብ ያለችው የተላሮን ልጅ። በአንድ ወሰንተኛ አጥቢያ ሰው ስም የተጠራ ዋንጫ በአንድ ስደተኛ እጅ! ሦስተኛው የዌክስፈርዱ ሊ ቺን ነው፤ አባቱ ከማሌዥያ የመጣ። በ2012ም በ2023ም በሜዳ የዘረኝነት ስድብ እንደ ተሰነዘረበት የታወቀ ነው፤ ይህንን የምጠቅሰው ሥዕሌ እንከን አልባ እንዳይመስል ነው። ያን ስድብ የወለደው ግን የአውራጃ ፉክክር አይደለም፤ «አንተ የዚህ ቦታ አይደለህም» የሚለው የደም ቆጠራ ነው። የፉክክሩ ሕግ ሌላ ነው፤ እዚህ ኖረሃልን? ለዚህ አጥቢያ ላብህን አፍስሰሃልን? እንግዲያስ የእኛ ነህ።

ወሰኑን በተመለከተ ደግሞ ለእኛ ሰው እጅግ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የአየርላንድን አውራጃዎች ወሰን ያሰመረው አየርላንዳዊ አይደለም። ከኖርማኖች ዘመን ጀምሮ እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ መስመሩን ያሰመረው የእንግሊዝ አስተዳደር ነው፤ ለግብርና ለፍርድ እንዲመቸው። እንዲያውም በ1366 ኪልኬኒ ከተማ ላይ የወጣው ሕግ በዚያ የሰፈሩ እንግሊዞች ይህንኑ የዱላና የኳስ ጨዋታ እንዳይጫወቱ ከልክሎ ነበር፤ የኪልኬኒ ሕግጋት ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል። ዛሬ በጨዋታው ዋንጫ ብዛት አንደኛዋ አውራጃ ማን ናት? ሠላሳ ስድስት ዋንጫ ያላት ኪልኬኒ! ገዢ ለግብር ያሰመረውን መስመር ሕዝቡ ለጨዋታ ተረከበው። «ወሰኑ የቅኝ ገዢ ነው» ብሎ አላፈረሰውም፤ «ወሰኑ የአባቴ ነው» ብሎም አልተጋደለበትም። ተጫወተበት።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ፤ ስብከቱ የሚያሳስበኝ ስለ ቤታችን ነውና። በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. የወልድያና የመቀሌ ክለቦች በወልድያ ሊጋጠሙ ቀጠሮ ይዘው ሳለ ግጥሚያው ወደ ግጭት ተለወጠ፤ ንብረት ወደመ፣ ሕይወት ጠፋ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን፤ አልዘረዝረውም። ያኔ ከየአቅጣጫው የተሰማው ምክር ይህ የምከራከረው ስብከት ነበር፦ ግጥሚያው በገለልተኛ ሜዳ ይሁን፣ በባዶ ወንበር ይሁን፣ ፉክክሩ ይቅር። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ በዚያ ቀን ወልድያ ላይ የተጋጨው ኳስ ነበርን? ኳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ በተሳሳተ ፍጹም ቅጣት ምት ይጀመርና በዳኛው እናት ስድብ ያልቅ ነበር። የተጋጨው በኳሱ ጀርባ የተጫነው ነው፤ የመሬት ይገባኛል፣ የሥልጣን ቂም፣ የደም ቆጠራ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ አበው። እኛ ደግሞ ተገልብጠን ዳውላውን ፈርተን አህያውን እንደበድባለን።

ይህን ዳውላ ማን ይጭነዋል? ከሊጋችን ክለቦች ብዙዎቹ በከተማ መስተዳድርና በመንግሥት ተቋም በጀት የሚኖሩ ናቸው። ክለቡ የመስተዳድሩን በጀት ሲበላ ሽንፈቱ የባለሥልጣኑ ሽንፈት ይሆናል፤ ድሉም የባለሥልጣኑ ድግስ። ተጫዋቹ ከሌላ ክልል በገንዘብ መጥቶ በገንዘብ ይሄዳል፤ ሕዝቡ በማሊያው ላይ የሚያየው የራሱን ልጅ ሳይሆን የአስተዳደሩን ማኅተም ነው። እንግዲህ ይህን ሳይነካ «ፉክክር ይቅር» የሚል ሰባኪ ለሚጭነው ሰው ሽፋን ይሰጣል፤ ሳያውቀው፣ በቅንነቱ።

የራሳችንን ገና ተመልከቱ። በገና ዕለት ሎሌው ከጌታው እኩል ተጋፍቶ፣ በዱላው ቁርጭምጭሚቱን ቢመታውም ጌታ እንደማይቆጣ ይነገራል። ይህ ቀላል ሕግ አይደለም። አባቶቻችን ፉክክር ከተራው ዓለም ሥልጣን ነጻ የሆነ ሜዳ እንደሚያሻው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ያላደረጉት ነገር ቢኖር ያንን አንድ ቀን ወደ ዓመት ሙሉ አለማስፋት ነው። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር በየወሩ የሚገናኙበት መዝገብ፣ የቆየ ቂም የሚወራረድበት ሠንጠረዥ፣ ከአጥቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ የሚያሳድግ መሰላል አልሠራንለትም። ስለዚህ አየርላንዳውያን በየመንደሩ ሜዳ ሲያበጁ የእኛ ገና የበዓል ፎቶግራፍ ሆነ። ከሞት ያስነሣው የነበረው ፉክክር ነበር፤ እኛ ግን ፉክክርን እንደ ነውር ቆጠርነው።

የተቃራኒዬን አንድ እውነተኛ ነጥብ ሳልቀበል አላልፍም። የጎረቤት ፉክክር ባላንጣ ያላቸውን ያሳድጋል፣ የሌላቸውን ያስረሳል። እስከ 2025 ድረስ ከተቋጩት 138 ሻምፒዮናዎች ዘጠና አምስቱን የወሰዱት ሦስት አውራጃዎች ብቻ ናቸው፤ ኪልኬኒ፣ ኮርክና ቲፐራሪ። በሰሜን አየርላንድና በምዕራቡ ብዙ አውራጃዎች ኸርሊንግ ዛሬም ቀጭን ነው። ይህ ጉድለት ነው። መድኃኒቱ ግን ኪልኬኒንና ቲፐራሪን ማደንዘዝ አይደለም፤ ለሊትሪም የራሷን ሎሪ ማሀር ዋንጫ እንደ ሰጧት ለየአንዳንዱ እኩያ ባላንጣ መፈለግ ነው። ረኃብን የጠገበውን በማስራብ አናድነውም።

እንግዲህ ለሰባኪዎቹ የምለው ይህ ነው። ሕዝብን አንድ ማሊያ አልብሳችሁ አንድ መዝሙር ብታዘምሩት ጸጥታ ታገኙ ይሆናል፤ ሰላም ግን አታገኙም። ጎረቤቱን በሜዳ ማሸነፍ የተከለከለ ሰው ጎረቤቱን በሌላ ቦታ ማሸነፍ ያምረዋል። ይልቅ ክለቦቹን ከባለሥልጣን ኪስ አውጡ። ተጫዋቹ በትውልድ ሳይሆን በኑሮ የዚያ ሰፈር ልጅ ይሁን። የልጆችን ግጥሚያ ወሰንተኛ ወረዳዎች መካከል አብዙ፤ የተጋጣሚዎቹ ወላጆች አንድ አግዳሚ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጡ፣ ዳቦና ቆሎም ይሻሙ። የሜዳውን በር ክፈቱ፤ ወንበሩን ባዶ አታድርጉት፤ የተሸነፈውም «ለከርሞ!» ብሎ ወደ ቤቱ ይሂድ። «ለከርሞ» የሚል ሰው ጎረቤቱ ከርሞም በሕይወት እንዲኖር የሚፈልግ ሰው ነውና።